ያልራበው ሌባ

ሌባ ሲሰርቅ ምክንያት አለው እንላለን። ርቦት ነው፣ ቸግሮት ነው፣ ወይ ደግሞ ሸጦ ሊያተርፍ ነው። ኢኮኖሚክስ የተማርነው ደግሞ ነገሩን ትንሽ እናሳምረውና፣ ከስርቆቱ የሚያገኘው ጥቅም ከሚያስከፍለው ዋጋ በልጦበት ነው እንላለን። ዛሬ የማወራላችሁ ሰው ግን በ16 ዓመቱ ሳይርበው ነው የሰረቀው። የሰረቀውን አልሸጠውም፣ በወጉ እንኳ አልበላውም። ለአሳማ ነው የደፋው። ከዚያ 27 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ጳጳስ ከሆነ በኋላ፣ ያቺን አንድ ሌሊት ቁጭ ብሎ መረመራትና ስለ እሷ ብዙ ገጽ ጻፈ።

ሰውየው አውጉስጢኖስ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ354 ታጋስቴ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ ዛሬ ሱቅ አህራስ የምትባለው የአልጄሪያ ከተማ ናት። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።) ዘመኑን ለመገመት ያህል፣ እኛ ዘንድ ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለበት ጊዜ ጋር ይቀራረባል። እንግዲህ አፍሪካዊ ነው ማለት ነው። የአውሮፓ ሠዓሊዎች የሳሉትን አይቶ ጣሊያናዊ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

አባቱ ፓትሪክዮስ መጠነኛ መሬት ቢኖረውም እጅ ያጠረው ሰው ነበር፤ ክርስቲያን የሆነውም ወደ ዕድሜው መጨረሻ ላይ ነው። እናቱ ሞኒካ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ጸሎተኛ ናት። ልጁ ጭንቅላት እንዳለው ገብቷቸው ማዳውሮስ ወደምትባል ከተማ ለትምህርት ላኩት። ከዚያ ገንዘቡ አለቀ። አባትየው ለካርቴጅ ትምህርት የሚሆን ብር እስኪያሰባስብ ልጁ አንድ ዓመት ቤቱ ሥራ ፈቶ ተቀመጠ። ሥራ ፈትቶ ከሰፈር ጓደኛ ጋር የሚውል የ16 ዓመት ልጅ ምን እንደሚያደርግ መቼም ለእናንተ አይነገርም።

ከወይን እርሻቸው አጠገብ የሰው የፒር ዛፍ ነበር። ፍሬው መልኩም ጣዕሙም ይኼ ነው የሚባል አልነበረም። እነ አውጉስጢኖስ ቤት ከዚያ የተሻለ ፍሬ ሞልቷል። አንድ ቀን እንደ ልማዳቸው ሲጫወቱ አመሹና በእኩለ ሌሊት ሄደው ዛፉን አራገፉት። አንድ ሸክም ሙሉ ወሰዱ። አንዳንዱን ቀመስ አደረጉ፣ የቀረውን ለአሳማ ጣሉት። በቃ፣ ታሪኩ ይኼው ነው።

አንባቢ እዚህ ጋ ይስቃል። ሮምን የሚያውቅ፣ ነገሥታት ፊት ንግግር ያደረገ ሰው፣ በሕይወቱ ስንት ከባድ ነገር እያለ በፒር ሲጨነቅ ምን ይሉታል? እሱ ግን የመረጠው ጥፋቱ ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ ሰበብ ስለሌለው ነው። ርቦኝ ነው እንዳይል አልራበውም። ፍሬው ጥሩ ነበር እንዳይል መጥፎ ነው። ሰበቦቹን አንድ በአንድ ሲያነሳቸው በመጨረሻ የቀረው መስረቁ ራሱ ያስደስተው እንደነበር ነው። ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋለ፤ ብቻዬን ብሆን ኖሮ አላደርገውም ነበር አለ። ጓደኞቹ እንሂድ ሲሉ፣ እፍረት የለሽ አለመሆን ነው የሚያሳፍረው።

እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ የሸማቹ ፍላጎት «ጊቨን» ነው ተብሎ ይታለፋል። ሰውየው ብርቱካን ከሙዝ አስበልጦ ከወደደ ወደደ ነው፤ ከየት አመጣው፣ ማን አስወደደው አይባልም። ከዚያ ኢንዲፈረንስ ከርቭ ይሣላል። አውጉስጢኖስ ሥራውን የጀመረው እኛ ታልፎ የመጣውን መስመር ላይ ቆሞ ነው። ፍላጎቴ ከየት መጣ? የራሴ ነው ወይስ የጓደኞቼ? የፈለግኩት ዕቃውን ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ወደ ካርቴጅ ሄደ። አባቱ በዚያው ሰሞን ሞተ፤ የትምህርቱን ወጪ አንድ የአገሩ ባለጸጋ ሸፈነለት። ካርቴጅ ለወጣት የምትሆን ከተማ ነበረች። ቲያትር፣ ሽር ጉድ፣ ፍቅር። ብዙም ሳይቆይ ከአንዲት ሴት ጋር ሳያገባት መኖር ጀመረ፤ በ372 አዴዎዳቱስ የሚባል ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ስሙ አምላክ የሰጠው ማለት ነው። ከዚህች ሴት ጋር በታማኝነት ከአሥር ዓመት በላይ ኖረ። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

በ19 ዓመቱ ሲሴሮ የጻፈው ሆርቴንሲዮስ የሚባል መጽሐፍ እጁ ገባና ልቡ ጥበብን ለመፈለግ ተነሳሳ። መጽሐፍ ቅዱስን ሞከረው፤ ለእሱ ዓይነቱ የአንደበት ሰው አጻጻፉ ተራ መሰለውና ተወው። ከዚያ የማኒ ተከታዮች ጋ ገባ፤ ዘጠኝ ዓመት ቆየ።

የማኒ ትምህርት መነሻው ፋርስ ነው። ዓለም የብርሃንና የጨለማ ጦር ሜዳ ናት፤ ሰው ውስጥም ሁለቱ አሉ፤ ክፉውን የሚያደርገው ያ የጨለማው ባሕርይ ነው ይላል። ለወጣት ምሁር ይህ እንዴት እንደሚመች አስቡት። በኋላ ራሱ እንዳመነው፣ ያጠፋው እሱ ሳይሆን ውስጡ ያለው ሌላ ነገር መሆኑን መስማት ያስደስተው ነበር። እኛም አገር እኮ ያለ ነው። የሰው ገንዘብ በልቶ ሲያዝ፣ ሚስቱን ሲመታ ተይዞ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው የሚል ስንት አለ? ሰይጣን የለም ማለቴ አይደለም። ግን ሁሉም ዕዳ በእሱ ስም ሲመዘገብ የራሳችን ደብተር ባዶ ሆኖ ይቀራል። አውጉስጢኖስ ከማኒ ወገን የወጣው የከዋክብት ሒሳባቸው ከፈላስፎቹ ሒሳብ ጋር አልገጥም ስላለው፣ ትልቁ መምህራቸው ፋውስጦስም መጥቶ ጥያቄውን መመለስ ስላቃተው ነው። ፍላጎቱ የራሱ መሆኑን ለመቀበል ግን ገና ብዙ ዓመት ይቀረው ነበር።

በ383 ወደ ሮም ሄደ። አሄዳዱ ደግሞ ጥሩ አልነበረም። እናቱ አልለቅህም ብላ ወደብ ድረስ ተከትላው መጥታ ነበር፤ ጓደኛዬን ልሸኝ ነው ብሎ ዋሻትና እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትጸልይ ስታድር በሌሊት መርከብ ተሳፈረ። ሮም ያሉት ተማሪዎች ጨዋ ናቸው ተብሎ ነበር የሄደው። ጨዋስ ጨዋ ናቸው፤ የክፍያ ቀን ሲደርስ ግን ተሰብስበው ወደ ሌላ አስተማሪ ይዞራሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሚላን የንግግር ጥበብ መምህር ትፈልጋለች ሲባል አመለከተና አለፈ። ንጉሠ ነገሥቱ የሚቀመጥበት ከተማ ነው፤ ከታጋስቴ ለመጣ ልጅ ከዚህ በላይ ምን አለ?

ሮም ሳለ አብሮት ስለነበረው ስለ አሊጲዮስ ግን ሳልናገር አላልፍም። የአገሩ ልጅ ነው፣ ሕግ ለመማር ቀድሞት ሮም የገባ። ሰው ከሰው የሚገዳደልበትን የስታዲየም ጨዋታ ይጠላ ነበር። አንድ ቀን ጓደኞቹ ከምሳ በኋላ አግኝተው እየጎተቱ ወሰዱት። ሰውነቴን እንጂ ዓይኔንና ልቤን አትወስዱም ብሎ ፎከረ፤ ገብቶም ዓይኑን ጨፈነ። ጆሮውን ግን አልደፈነም። አንዱ ሲወድቅ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጮኸ። አሊጲዮስ ምን እንደሆነ ለማየት ያህል ብቻ፣ አይቼም ልንቀው እችላለሁ ብሎ፣ ዓይኑን ገለጠ። በዚያው ቀረ። ከሚጮኹት ጋር ጮኸ፣ ከዚያ ደጋግሞ ሄደ፣ ይባስ ብሎ ሌላ ሰው እየጎተተ መውሰድ ጀመረ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ይህ ልጅ ትዝ ይለኛል። ምን እንደሆነ ለማየት ያህል ብቻ። አውጉስጢኖስ ስለ ጓደኛው ሲጽፍ ፈቃዱ ደካማ ነበር ብሎ አላለፈውም። ጥፋቱ መተማመኑ ላይ ነው ብሎ ነው ያየው፤ ራሱን ጀግና አድርጎ ስለገመተ ነው የተሸነፈው። የመጀመሪያዋን መቶ ብር አስይዞ ቤቲንግ ቤት የገባ ልጅም የሚለው ይህንኑ ነው፤ እኔ መቼ ማቆም እንዳለብኝ አውቃለሁ።

ሚላን ውስጥ ሁሉም ነገር ተሳካለት፤ ያም ሆኖ ከፋው። አንድ ቀን ለንጉሠ ነገሥቱ የሚያቀርበውን የውዳሴ ንግግር ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ሲሄድ (አብዛኛው ውሸት እንደነበር ራሱ ተናግሯል) መንገድ ላይ አንድ የኔ ቢጤ ጠጥቶ ሲስቅና ሲቀልድ አየ። ሰውየው በለመናት ጥቂት ሳንቲም ያገኘውን ደስታ፣ እሱ በስንት ድካምና በስንት ውሸት እያሳደደው ገና አልደረሰበትም። የሰካራሙ ደስታ እውነተኛ እንዳልሆነ ያውቃል። የራሱም ግን እውነተኛ አልነበረም፤ ሰካራሙ አድሮ ስካሩ ይለቀዋል፣ የእሱ ግን አብሮት ተኝቶ አብሮት ይነሳል።

እዚያው ሚላን ጳጳሱን አምብሮስን መስማት ጀመረ። መጀመሪያ የሄደው አነጋገሩን ለመገምገም ነው፤ ቀስ በቀስ ግን የሚናገረው ነገር ይገባው ጀመር።

አሁን ወደ ሴትየዋ። እናቱ ሞኒካ ሚላን ድረስ ተከትላው መጣችና ለደረጃው የምትመጥን ሚስት ይታጭለት ተባለ። የታጨችው ልጅ ዕድሜዋ ለጋብቻ ስላልደረሰ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ያቺ ከካርቴጅ ጀምሮ አብራው የኖረች ሴት ደግሞ ለጋብቻው እንቅፋት ናት ተብላ ወደ አፍሪካ እንድትመለስ ተደረገ። ልጇን ለአባቱ ትታ፣ ከእንግዲህ ሌላ ወንድ አላውቅም ብላ ስእለት ገብታ ሄደች። እሱስ? ልቡ እንደቆሰለ ጽፏል። ግን ሁለት ዓመቱን መታገሥ አቅቶት ወዲያው ሌላ ሴት አስገባ።

ስሟን አልጻፈልንም። የጓደኛውን ስም እናውቃለን፣ የልጁን እናውቃለን። የእሷን አናውቅም። ክብሯን ለመጠበቅ ነው የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሒሳቡ አይዋጥልኝም። ለአንድ ሸክም ፒር ያን ያህል ገጽ፣ አሥራ ምናምን ዓመት አብራው ለኖረች ሴት ጥቂት መስመር። ፍላጎቱን እስከ ሥሩ ሲቆፍር የኖረ ሰው፣ ፍላጎቱ ሌላ ሰው ላይ ያደረሰውን ጉዳት በዚያ ልክ አልቆፈረም። ደግነቱ ግን፣ ከሱ ይልቅ እሷ ጽኑ እንደነበረች አልደበቀም፤ እሷን ምሳሌ ማድረግ አቃተኝ ብሎ ጽፎታል።

ከወጣትነቱ ጀምሮ ንጽሕናን እንዲሰጠው ይጸልይ ነበር፤ ነገር ግን ጸሎቱ ቶሎ እንዳይሰማበት ይፈራ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ስፖርት፣ ከደመወዝ በኋላ ቁጠባ፣ ከሠርግ በኋላ ንስሐ። የኢኮኖሚክስ ሰዎች ፕረዘንት ባያስ ብለው ስም አውጥተውለታል፤ የዛሬዋ ደስታ ከነገው ጥቅም አለቅጥ ስትገዝፍብን ማለት ነው። እሱ ያየው ደግሞ ትንሽ ይለያል። መጀመሪያ ፈቅዶ የሠራው ነገር ምኞት ወለደ፣ ምኞቱን ሲታዘዝ ልማድ ሆነ፣ ልማዱን ባለመቃወሙ የግድ ሆነበት። ሰንሰለቱን ሌላ ሰው አላሰረለትም፣ ቀለበት በቀለበት የሠራው ራሱ ነው። ማኒ ያስተማረው ነገር እዚህ ላይ ፈረሰ።

በ386 በጋ ጰንጢጥያኖስ የሚባል አፍሪካዊ የቤተ መንግሥት ሰው ሊጠይቃቸው መጣ። የጨዋታ ጠረጴዛ ላይ የሐዋርያው ጳውሎስን መልእክት አየና ገረመው። ከዚያ ስለ ግብጻዊው እንጦንስ አወራቸው፤ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም፣ የመነኮሳት አባት የሚባለው አባ እንጦንስ ነው። እነ አውጉስጢኖስ ግን ስሙን ሰምተውት አያውቁም ነበር። ሁለት የመንግሥት ባለሥልጣኖች የእንጦንስን ታሪክ አንብበው በአንድ ቀን ሹመታቸውን ጥለው መመነናቸውንም ነገራቸው።

እንግዳው ሲሄድ አውጉስጢኖስ ራሱን መቋቋም አቃተው። ያልተማሩ ሰዎች መንግሥተ ሰማያትን ሲወስዱ እኛ ከነዕውቀታችን ሥጋችን ውስጥ እንንከባለላለን ብሎ አሊጲዮስ ላይ ጮኸ። ወደ ጓሮው አትክልት ቦታ ወጡ። እጁን ዘርጋ ብሎ ሲያዝዘው እጁ ይዘረጋል፤ ልቡን ፈቃደኛ ሁን ሲለው ልቡ አይታዘዝም፤ ይህ አስደነቀው። የድሮ ልማዶቹ ከኋላ ልብሱን እየጎተቱ፣ በእውነት ያለ እኛ መኖር ትችላለህ ወይ እያሉ የሚያንሾካሹኩ መሰለው። በለስ ዛፍ ሥር ወድቆ አለቀሰ። ከጎረቤት የሕፃን ድምፅ፣ አንሥተህ አንብብ የሚል ዜማ እየደጋገመ ተሰማው። የጳውሎስን መልእክት ገልጦ ዓይኑ ያረፈበትን አነበበ፤ ሮሜ ምዕራፍ 13 መጨረሻ ላይ ያለውን፣ ስካርንና ዝሙትን ተዉ የሚለውን። ከዚያ በላይ ማንበብ አላስፈለገውም። 31 ዓመቱ ነበር።

የቀረውን በአጭሩ ልበላችሁ። ማስተማሩን ተወ፣ እጮኝነቱ ቀረ። በ387 በፋሲካ ሌሊት ከልጁና ከአሊጲዮስ ጋር በአምብሮስ እጅ ተጠመቀ። በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ሊመለሱ ኦስትያ ወደብ ላይ ሳሉ ሞኒካ ሞተች። አፍሪካ ከገቡ ብዙም ሳይቆይ አዴዎዳቱስ በወጣትነቱ አረፈ። አውጉስጢኖስ ከልጁ ጋር የተነጋገረበትን መጽሐፍ ትቶልናል፤ የልጁ ሐሳቦች ሁሉ የልጁ የራሱ መሆናቸውን፣ የጭንቅላቱ ስፋትም ያስፈራው እንደነበር ጽፏል። በ391 ሂጶ ወደምትባለው ከተማ (የዛሬዋ አናባ) ጎራ ሲል ሕዝቡ ይዞ በግድ ካህን አስደረገው፤ እያለቀሰ ነበር። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጳጳስ ሆነ።

ብዙ የመንፈሳዊ ሰው ታሪክ እዚህ ጋ ይዘጋል። ኃጢአተኛ ነበር፣ ተመለሰ፣ ዳነ። አውጉስጢኖስ ከ397 ጀምሮ ኑዛዜ የተባለውን መጽሐፉን ሲጽፍ ግን አሥረኛው ክፍል ላይ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ። ድሮ ምን ነበርኩ የሚለውን ጨርሶ፣ አሁን፣ ጳጳስ ሆኜ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ነኝ ብሎ ጀመረ። የድሮ ምስሎች በሕልሙ አሁንም እንደሚመጡበት ተናገረ። በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አንድ ጳጳስ ይህን ለምእመናኑ ሲጽፍ አስቡት።

ከሁሉ የምወድለት ስለ ምግብ የጻፈውን ነው። ምግብን እንደ መድኃኒት ለመውሰድ ይሞክራል። ችግሩ ከረሃብ ወደ ጥጋብ የሚወስደው መንገድ ራሱ ይጣፍጣል። የሚበላው ሰውነቱ ስለጠየቀ ነው ወይስ ምላሱ? አያውቅም። ከዚያ አንድ ጠለቅ ያለ ነገር ጨመረ፤ አለማወቁ ራሱ ነፍሱን ያስደስታታል። ነገሩ ግልጽ ካልሆነ፣ ለጤናዬ ነው እያለች የልቧን ታደርጋለቻ! የጾም ኬክና የጾም በርገር በሚሸጥበት ከተማ ለምንኖር ሰዎች ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መዝሙርም አስጨንቆታል። ከቃሉ ይልቅ ድምፁ ሲመስጠው ጥፋት ይመስለዋል፤ ዜማው ጭራሽ ይቅር እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ግን ሚላን ውስጥ አዲስ ሳለ በዝማሬ ያለቀሰውን ዕንባ ያስታውሳል፤ እና ይቆይ አለ። እዚህ ላይ ከራሱ ጋር ተከራክሮ ያልጨረሰ ሰው ነው የምናየው፤ ደስ ይለኛል።

ደግሞ ዓይን አለ። ውሻ ጥንቸል ሲያባርር ለማየት ወደ ትርዒት ቦታ መሄድ ትቷል። ግን በመንገድ ሲያልፍ ሜዳ ላይ ካየ፣ ሐሳቡ ከጸሎቱ ወጥቶ ከውሻው ጋር ይሮጣል። ቤቱ ቁጭ ብሎም እንሽላሊት ዝንብ ስትይዝ፣ ሸረሪት ድሯ ውስጥ የገባችዋን ስትጠቀልል ፈዝዞ ያያል። ቲክቶክ የለም፣ ስክሪን የለም። እንሽላሊት ብቻ። ሰው ትኩረቱ እንዲሰረቅ ኩባንያ አያስፈልገውም ማለት ነው፤ ኩባንያዎቹ እንሽላሊቷን ማለቂያ የሌላት አደረጓት እንጂ።

ያልተፈታለት ግን ምስጋና ነው። ሕዝብ ይወደዋል፣ ስብከቱ ይደነቃል፣ ደብዳቤ ከየአገሩ ይጎርፍለታል። ምግብን እንደማይገዛልኝ በጾም ልፈትሽ እችላለሁ፣ ገንዘብንም በመተው ልፈትሽ እችላለሁ ይላል። የሰው ሙገሳን ግን እንዴት ይፈትሹታል? እንዳይመሰገኑ ክፉ ሆኖ መኖር ነዋ! ያ ደግሞ እብደት ነው። ምስጋናውን ናቅኩ ሲል እንኳ፣ በመናቁ ሲኩራራ ራሱን ያገኘዋል። ስለ ትሕትና ፖስት አድርጎ ላይክ የሚቆጥር ሰው የገባበት ወጥመድ ነው።

ሂጶ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በጳጳስነት ኖረ። በ430 ቫንዳሎች ከተማዋን ከበቡ። በከበባው መሐል ትኩሳት ያዘው። ታሪኩን የጻፈለት ወዳጁ ጶሲድዮስ በቦታው ነበርና እንደነገረን፣ የዳዊትን የንስሐ መዝሙሮች አስገልብጦ በአልጋው ትይዩ ግድግዳው ላይ አስለጠፈ። ከመሞቱ አሥር ቀን ገደማ በፊት ሐኪም ከሚገባበትና ምግብ ከሚመጣበት ሰዓት በቀር ማንም እንዳይገባ አዘዘ። ተኝቶ ግድግዳውን እያነበበ ያለቅስ ነበር። ኦገስት 28 ቀን በ75 ዓመቱ አረፈ።

ኑዛዜ የሚል መጽሐፍ የጻፈው ሰው ለንብረቱ ኑዛዜ አልጻፈም። የሚያወርሰው አልነበረውም። አደራ ያለው የቤተ ክርስቲያኑን መጻሕፍት ብቻ ነው፤ በደንብ ይጠበቁ አለ።